አትንኪው

ቦራ የሚሉት ነፋስ ትሪየስቴን ሲያምሳት፣
ጃንጥላ ሲገለብጥ፣ ባርኔጣ ሲነሳት፣
እኛ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት ጠርቅመን፣
ለአንድ ማሞቂያ ሦስት ሆነን ተቀምጠን፤
እኔ፣ ተከራዩ፤
ሲኞራ ኦታቪያ፣ የቤቱ ባለቤት፤
ሦስተኛው ጥንቸሏ፣ የልብ ወዳጇ ናት የምትለው ፍጥረት፤
ፕሬዜሞሎ ይባላል፣ በሾርባ ቅጠል ስም፣
የቤት ኪራይ አይከፍል፣ ለማንም አይሰግድም።

«የጥንቸል ጥርስ» አለችኝ «እስኪሞት ያድጋል፤
ካልሞረዱት ደግሞ ባለቤቱን ይወጋል።»
ድርቆሽ ታስርለታለች፣ የፖም እንጨት ታቀርባለች፣
ካሮቱን በስስ በስሱ ትከትፍለታለች፤
እሱ ግን እንደ ዓይጥ፣ እንደ ክፉ ዘመድ፣
የማይሰጡትን ነው ዘወትር የሚወድ።
የስልኬን ገመድ በላ። የሬዲዮውን በላ።
የመተኮሻውንም ልጦ ጣለው ኋላ።
እኔ ማታ ማታ በፕላስተር ስጠግን፣
እሱ ንጋት ላይ ይፈታል ጥቅልሉን።

በእኛ ቋንቋ ኮረንቲ «ይይዛል» ነው የሚባል፤
እንደ ዕዳ፣ እንደ ዛር፣ ያገኘውን ያንቃል፤
የተያዘን የነካ አብሮ ይያዛል።
ይህን ስነግራት ሳቀች፦ «ቤቴ ሽማግሌ ነው፤
ሰው አይተናኮልም፤ እኔው ነኝ የማውቀው።»

ሐሙስ ሌሊት ነበር።
ጥንቸል ድምፅ እንዳለው ያን ዕለት ነው ያወቅሁ፤
የተቀደደ ጨርቅ መስሎኝ ነው የነቃሁ።
መብራቱ ብልጭ አለ፤ ከዚያ የፀጉር ሽታ፤
ከሶፋው በስተኋላ፣ ከማሞቂያው ቦታ፣
ፕሬዜሞሎ ተጋድሟል፣ እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ፣
ጥርሱ ገመዱ ላይ እንዳለ ተጣብቆ።

ሲኞራ በሌሊት ልብስ፣ በባዶ እግሯ ሆና፣
ልታቅፈው ሮጠች፣ ክንዷን ዘርግታና።
ጣልያንኛው የት ገባ? ሦስት ዓመት ያጠናሁት፣
ግሱን፣ ትእዛዙን፣ በፈተና ያለፍሁት?
ምላሴ ላይ የለም።
ከእግር ጥፍሬ ተነስቶ፣ ጉሮሮዬን ጥሶ፣
ሌላ ነገር ወጣ፦
«አትንኪው!»

ቃሉን አታውቀውም።
ግን ቆመች፤ እጇ ከጥንቸሉ አንድ ስንዝር ርቆ፣
ባትሪው እንዳለቀ የግድግዳ ሰዓት።

እኔ ወደ ኮሪደር፣ ወደ ቆጣሪው ሳጥን፣
በጨለማ ዳበስኩ አቧራ፣ ድር፣ ምስማሩን፤
ትልቁን ማብሪያ ወደ ታች ጎተትኩት፤
ቤቱን ከነዛሩ ባንድ ጊዜ አጠፋሁት።

ከዚያ ነው የነካነው። በስልኬ መብራት ስር
ከንፈሩ ተቃጥሏል፣ ምላሱ ጠቁሯል፤
ልቡ ግን በጣቴ፣
ደረጃ እንደሚወጣ የቸኮለ ሰው።

ሐኪሟ ዝደንካ፣ መነጽሯን አውልቃ፦
«ተርፏል አትበሉ ገና፤ ሳንባው ነው የሚፈራ፤
ነገም፣ ከነገ ወዲያም ውሃ ይቋጥራል» ብላ
አሳደረችው።
ሲኞራ ምንም አላለች። በካፖርቷ ኪስ
የተከተፈ ካሮት ይዛ ነበር የመጣችው፤
ስትመለስ በትራም ውስጥ አንድ በአንድ በላችው።

ቅዳሜ ኤሌክትሪሽያን መጣ፤
ክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ከሳጥኑ ገጠመ።
«ሳልቫቪታ ይባላል፤ ነፍስ አዳኝ እንደ ማለት፤
ይህ ቤት ሊኖረው የሚገባ፣ ከአርባ ዓመት በፊት።»
ሲኞራ ከፈለችው፤ ሽማግሌው ቤቷን
አንድ ጊዜ ገላመጠችው።

ዛሬ ገመድ ሁሉ በቱቦ ተጀቡኗል።
ፕሬዜሞሎ ከንፈሩ ባንድ ጎን ተሰንጥቆ፣
የሚስቅ ይመስላል።
አሁንም ወደ ማሞቂያው ጠጋ ጠጋ ሲል፣
ሲኞራ ከወንበሯ ጣቷን ቀስራ
«አትንኪው!» ትለዋለች፣
ወንዱን በሴት አንቀጽ።
«አትንካው» ነው፣ ልላት አፌን እከፍትና
እተወዋለሁ።
እሱም፣ ወንዱ፣ ጆሮውን አጥፎ ይመለሳል።